ሳንቲኖ ቀበቶው ይገባው ነበር

ሰሞኑን የድሮ ሬስለሮችን ፎቶ ለጥፌ ከስር የተጻፈውን አንብቤ ዝም ልል ነበር፤ አልቻልኩም። ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ «ቲቸር፣ ሳንቲኖ እኮ ቀልደኛ እንጂ ሬስለር አልነበረም፤ ያገኘውም በዝቶበታል» ብሎ ጻፈ። ሠላሳ ምናምን ሰው ላይክ አደረገለት። ላይክ ካደረጋችሁት ውስጥ ግማሾቻችሁን ክፍል ውስጥ አስተምሬአችኋለሁ፤ ስለዚህ ዛሬም ቁጭ ብላችሁ ታዳምጡኛላችሁ።

አቋሜን ሳልሸፋፍን ልናገር። ሳንቲኖ ማሬላ ከተሰጠው በላይ ይገባው ነበር። እንዲያውም እ.ኤ.አ. የካቲት 19 ቀን 2012 ሚልዋኪ ላይ የዓለም ከባድ ሚዛን ቀበቶውን ይዞ መውጣት ነበረበት። ዓመት ሙሉ ይያዘው አላልኩም። ሁለት ሳምንት ይበቃው ነበር።

መጀመሪያ «ድራማ ነው፣ ምን ያከራክራል» የምትሉትን እንሸኝ። ድራማ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፣ እናቴም ታውቃለች። የሚያከራክረውም ድራማ ስለሆነ ነው። አርሰናል ሲሸነፍ ተጋጣሚው በልጦት ነው፤ አልቅሰህ ትተኛለህ፣ በቃ። ሬስሊንግ ላይ ግን ማን እንደሚያሸንፍ ቢሮ ቁጭ ብሎ የወሰነ ሰው አለ። ቀበቶ የጉልበት ዋጋ አይደለም፤ የአንድ ሰው ውሳኔ ነው። ስለዚህ እገሌ ወደ ላይ መውጣት ይገባው ነበር ወይ ስንል፣ እኛ ተመልካቾች ፑሽ የምንለው ማለት ነው፣ ጥያቄው ማንን አንስቶ ይጥላል አይደለም። ስንት ሰው ከወንበሩ ያስነሳል ነው።

በዚህ መለኪያ እንሂድ። ሳንቲኖ የመጣው ሚያዝያ 2007 ጣሊያን ሚላኖ ውስጥ ነው። ከተመልካች መሀል የተነሳ ተራ ደጋፊ ተብሎ ሪንግ ውስጥ ገባ፣ ከዚያ ግዙፍ ኡማጋ ጋር ገጠመ፣ በቦቢ ላሽሊ እርዳታ የኢንተርኮንቲኔንታል ቀበቶ ወሰደ። በመጀመሪያ ቀኑ! በነገራችን ላይ ሰውየው ጣሊያናዊ አይደለም። ትክክለኛ ስሙ አንቶኒ ካሬሊ ነው፣ የካናዳ ሚሲሳጋ ልጅ፣ ጁዶ እየተጫወተ ያደገ፣ ጃፓን ድረስ ሄዶ የሠራ። እና «ሬስለር አልነበረም» የምትለው ወንድሜ፣ ሰውየው ከምታደንቃቸው ግማሾቹ በላይ እውነተኛ ትግል ያውቃል።

ከዚያ በኋላ ግን ቀልድ ሰጡት። ቀልዱንም ከማንም በላይ ሠራው። በ2009 ሮያል ራምብል ኬን በ1.9 ሴኮንድ ወርውሮ አስወጣው፤ ለሃያ ዓመት ማንም ያልነካው የዋርሎርድ የ2 ሴኮንድ ሪከርድ ተሰበረ። በዚያው ዓመት ሬስልማኒያ ላይ ቀሚስ አስለብሰው መንትያ እህቱ ሳንቲና ናት አሉት። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ያበቃለት ነበር። እሱ ግን ሲገባ ሕዝቡ ይስቃል፣ አብሮት ይጮኻል፣ ክንዱን እንደ እባብ እያጠፈ አብሮት ይጫወታል። ክንዱ ላይ ካልሲ አጥልቆ «ኮብራ» ሲል አዳራሽ ሙሉ ሰው እጁን ያነሳል። ይህን በስልጠና አታገኘውም። ቁመናቸው የተቀረጸ፣ ሁሉን አሟልተው የሚችሉ ስንት ልጆች መጥተው እንደ ግድግዳ ቆመው ሄደዋል።

አሁን ወደ ሚልዋኪ። ኤሊሚኔሽን ቻምበር ለማታውቁት፣ ሪንጉን የሚከብ ትልቅ የብረት ጎጆ ነው። ስድስት ሰው ይገባል፤ ሁለቱ ይጀምራሉ፣ አራቱ መስታወት ውስጥ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ራንዲ ኦርተን ተጎድቶ ስለወጣ በእሱ ቦታ የገባው ሳንቲኖ ነበር። ማሟያ መሆኑ ነው። ማንም አልጠበቀውም። ቢግ ሾው ወጣ፣ ኮዲ ሮድስ ወጣ፣ ዌድ ባሬት ወጣ፤ ቀና ስትል ሻምፒዮኑ ዳንኤል ብራያን እና ሳንቲኖ ብቻ ቀርተዋል። እዚህ ላይ ያለውን ድምፅ ስሙት። ሲስቁበት የኖሩ ሰዎች መሳቅ አቁመው ቆሙ። ካልሲውን አወጣ፣ ኮብራውን መታ፣ ብራያን ወደቀ፣ ዳኛው አንድ፣ ሁለት... ብራያን ትከሻውን አነሳ። ያ ሁሉ ሕዝብ «ኡኡ» አለ። ለሦስት ሴኮንድ ያህል ያ ሰው ለእነሱ የዓለም ሻምፒዮን ነበር። ከዚያ ብራያን ክንዱንና አንገቱን ቆልፎ ያዘው፣ እጅ ሰጠ፣ አለቀ። ላቡ እንኳ ሳይደርቅ ሼመስ መጥቶ ብራያንን ደበደበ፤ የሳንቲኖ ታሪክ እዚያው ተዘጋ።

«ችሎታው ውስን ነው» ትላላችሁ። አዎ፣ ሪንግ ውስጥ የሚያሳየው አራት ነገር ነው። ሲሮጡበት እግሩን ከፍቶ መሬት ላይ ይቀመጣል፣ በዳሌው ገልብጦ ይጥላል፣ እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጥቶ በግንባሩ ይወድቅባቸዋል፣ ከዚያ ኮብራ። ቆጥሬዋለሁ። ግን እስቲ እዚያው ጎጆ ውስጥ ከነበሩት ስድስት ሰዎች አንዱ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። ግሬት ካሊ። ለመራመድ እንኳ የሚከብደው ካሊ በ2007 ይህንኑ የዓለም ከባድ ሚዛን ቀበቶ ይዞ ነበር! ያኔ «ችሎታው ውስን ነው» ብሎ የከለከለው የለም፤ ቁመቱ አስፈቅዶለታል። ሃልክ ሆጋን ዘመኑን ሙሉ የጨረሰው እግሩን ሰው ላይ በመጣል ነው። አልቲሜት ዋሪየር በ1990 ያን ሆጋን አሸንፎ ሻምፒዮን ሲሆን ከሩጫና ከገመድ መነቅነቅ ሌላ ምን ነበረው? ጆን ሲናን እንኳ «ትግል አትችልም» እያሉ ሲጮኹበት ኖረዋል። እና ውስንነት ወንጀል የሚሆነው አጭርና አስቂኝ ሰው ላይ ሲደርስ ብቻ ነው ማለት ነው?

ቀጥላችሁ «ካልሲ ያጠለቀ ሰው ሻምፒዮን ከሆነ ቀበቶው ይረክሳል» ትላላችሁ። ይህ ክርክር ከሁሉም ይገርመኛል፤ ምክንያቱም ተሞክሮ ያውቃል። ማንካይንድን የምታስታውሱ አላችሁ? ሚክ ፎሊ። እጁ ላይ ካልሲ አጥልቆ ሰው አፍ ውስጥ የሚከት ሰው ነበር። ጥር 4 ቀን 1999 ሮክን አሸንፎ ዋናውን ቀበቶ ወሰደ። በዚያው ሌሊት ተፎካካሪው ድርጅት በራሱ ፕሮግራም ላይ ውጤቱን አስቀድሞ አወጣና፣ ይሄ ሰው ነው ተመልካች የሚያመጣላቸው ብሎ አሾፈ። ምን ሆነ? ተመልካቹ ቻናል ቀይሮ ማንካይንድን ሊያይ ሄደ። ካልሲው ቀበቶውን አላረከሰም፤ እንዲያውም ዛሬ ድረስ ሰው የሚያወራው ስለዚያ ሌሊት ነው።

አንዳንዳችሁ ደግሞ ዴቪድ አርኬትን እንደምታነሱ አውቃለሁ። በ2000 ዓ.ም. ደብልዩ ሲ ደብልዩ ለተዋናይ ቀበቶ ሰጥቶ መሳቂያ ሆነ፤ በዓመቱም ድርጅቱ ተሸጠ። ልክ ናችሁ፣ ያ ሞኝነት ነበር። ግን አርኬት ፊልም ሊያስተዋውቅ የመጣ እንግዳ ነው፤ ይሁንልን ያለ ተመልካች አልነበረም። ሳንቲኖ አምስት ዓመት የተወረወረ፣ የተረገጠ፣ ቀሚስ የለበሰ የቤት ልጅ ነው፤ በዚያ ላይ ሚልዋኪ ራሷ ጮኻ ጠይቃለታለች።

አሁን የሚያናድደኝ ላይ ደረስን። ቀበቶውን ለምን ከለከሉት? ብራያን ይዞት ወደ ሬስልማኒያ መሄድ ስላለበት። እሺ። ሄደ። ሚያዝያ 1 ቀን 2012 ማያሚ ላይ ሼመስ በ18 ሴኮንድ አሸነፈው። አሥራ ስምንት ሴኮንድ! ለዚህ ነው የጠበቁት? ሳንቲኖ ሚልዋኪ ላይ ቢያሸንፍና በሳምንት በሁለት ሳምንቱ ስማክዳውን ላይ ብራያን መልሶ ቢወስደው የሚጎድል ነገር አልነበረም። ብራያን ያኔ ትዕቢተኛ ሻምፒዮን ሆኖ ነበር የሚጫወተው፤ ካልሲ ባጠለቀ ሰው ተሸንፎ በንዴት የሚያብድ ትዕቢተኛ ደግሞ ይበልጥ ይጣፍጣል። ሼመስም ያው ቀበቶውን ያገኝ ነበር።

ብራያንን እወደዋለሁ፤ እንዳትሳሳቱ። የዚያ 18 ሴኮንድ ንዴት ነው በማግስቱ ሕዝቡን «የስ! የስ!» ያስባለው፣ በሁለት ዓመቱ ኒው ኦርሊንስ ላይ ሁለቱን ቀበቶ ያሸከመው። እሱንም አጭር ነው፣ ፊቱ የሻምፒዮን አይደለም ብለውት ነበር፤ ቢሮው ሳይሆን ወንበር ላይ ያለው ሰው ነው ያወጣው። የእኛው የአፍሪካ ልጅ፣ ጋና የተወለደው ኮፊ ኪንግስተንም አሥራ አንድ ዓመት እንደ ማጣፈጫ ከቆየ በኋላ በ2019 ዋናውን ቀበቶ የያዘው ሕዝቡ አልለቅም ስላለ ነው። ሚልዋኪም ጮኻ ነበር። የእሷን የሰማት ጠፋ እንጂ።

እዚህ ላይ አስተማሪነቴ ትንሽ ይግባ። ክፍል ውስጥ የሚያስቅ ልጅ አለ አይደል? የክፍል አለቃ ሲመረጥ ተማሪው ስሙን ይጠራል፣ አስተማሪ «ቀልዱን ተዉት» ብሎ ያልፈዋል። እኔ እንኳ ስንቴ ስታፍ ውስጥ «እሱ እኮ ቁም ነገር የለውም» ሲባል ሰምቻለሁ፤ ልጁ ግን አርባ ተማሪ በአንድ ቃል ዝም ያሰኛል፣ ሱፐርቫይዘሩ የማይችለውን። ኮሜንት የጻፍከው ልጅ፣ አንተ ራስህ እንደዚያ ነበርክ፤ ረሳኸው መሰለኝ።

ለሳንቲኖ ማካካሻ ሰጡት። መጋቢት 5 ቦስተን ላይ ጃክ ስዋገርን አሸንፎ የአሜሪካን ቀበቶ ወሰደ። አምስት ወር ተኩል ያዘው። ከዚያ ውስጥ አንድ ግጥሚያ ጥቀሱልኝ። አትችሉም፤ ምክንያቱም ቀበቶውን ሰጡት እንጂ ታሪክ አልሰጡትም። ነሐሴ ላይ ሰመርስላም ዕለት ሴዛሮ የወሰደበትም ዋናው ትርኢት ከመጀመሩ በፊት ሰው ገና ወንበሩን እየፈለገ ሳለ ነው። በ2014 በአንገት ጉዳት የተነሳ ቶሮንቶ፣ ሠፈሩ አጠገብ፣ ተሰናብቶ ወጣ።

መልስ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ የቤት ሥራ፦ የሚልዋኪውን ግጥሚያ ፈልጉ፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱ ብቻ የቀሩበትን ክፈቱና ሪንጉን ሳይሆን ከኋላ ያሉትን ሰዎች እዩ። ኮብራው ሲመታ ስንቱ ተቀምጦ እንደቀረ ቆጥራችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።