«በነጻ የሚሰጥ ነገር ባለቤት የለውም» ላላችሁኝ

ኢስሊ ውስጥ ሊኑክስን ባነሳሁ ቁጥር መልሳችሁ ይህ ነው። ባለቤት ከሌለው አይቢኤም የሊኑክሱን ኩባንያ ሬድ ሃትን በ2019 በ34 ቢሊዮን ዶላር ለምን ገዛው? ፕሮግራሙ በነጻ፣ የባለሙያው ድጋፍ በክፍያ፤ ንግዱ ይህ ነው። የኡቡንቱው ካኖኒካልም የሚነግደው እንዲሁ ነው።

ባለቤት የሌለውስ ከሰፈር ልጅ በፍላሽ ያስጫናችሁት ዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉን አቁሞለታል። የዱቤ መዝገባችሁ ግን እዚያ ውስጥ ነው። ቫይረስ ቢበላው የትኛው ባለዕዳ ራሱ መጥቶ ይከፍላችኋል?

የኢቲምስ ደረሰኝ በኢንተርኔት ይቆረጣል፤ ኤምፔሳ በስልክ ነው። አስር ሱቅ ሆነን አንድ የሊኑክስ ባለሙያ በወር ክፍያ እንያዝ። እቁብ ለምንጥል ሰዎች ይህ አያቅተንም።