ዲግሪው ለባንክ አይያዝም

አምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት የተከፈተባት እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ትምህርት ቤቱ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ የብዙው ተመራቂ ዓይን ግን ዛሬም የመንግሥት ቅጥር ማስታወቂያ ላይ ነው። ስንፍና የሚሉት አሉ። አይደለም። ምሩቁ የጊንጪ ዋልካ ክረምት ውሃ እንደሚቋጥር፣ በሰፊ መደብ ቢጠነፈፍ ቀደም ብሎ እንደሚዘራ ያውቃል። መሬት ግን አይሸጥም፤ ከገበሬ መከራየት ነው። ለኪራዩ፣ ለማዳበሪያው፣ ጉደር ላይ ሽንኩርት ለማጠጣት ለፓምፑም ገንዘብ ያሻል። ባንኩ ቤት አስይዝ ይላል። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ቤት ከየት ያመጣል?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረትን፣ ሰብልና ከብትን ጭምር፣ ለብድር ማስያዝ ፈቅዷል። የሽንኩርት ዋጋ ድንገት ይወድቃል የሚለው የባንኮች ስጋት እውነት ነው፤ ታዲያ ከገዢ ጋር ውል የፈረመውን አስቀድመው ቢያበድሩስ?