ዒላማ የሚሳተው ከአንገት ነው

ዛሬ ስለ ጥይት ልንጽፍ ነው። አትደንግጡ፤ ፖለቲካ አይደለም። ስለ ጥይት አንገት ነው።

"ጥይት ደግሞ አንገት አላት እንዴ?" ለምትሉ፦ አላት። የጠመንጃ ጥይት የአራት ነገሮች ድምር ናት፦ የነሐስ ቀለሃ፣ ከቂጡ ላይ እሳት የምትጭር ቁራጭ፣ ባሩድና ከፊት ተወርውራ የምትሄደው አረር። አረሯን ነክሶ የሚይዘው ጠበብ ያለው የቀለሃ ጫፍ አንገት ይባላል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ለጥይት ባዳ አይደለንም። "ውጅግራ" ያልነው የፈረንሳዮቹ ጠመንጃ ጥይት በዐፄ ምኒልክ ዘመን ገበያ ላይ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር። ፉከራችንም ቀረርቷችንም በአልሞ ተኳሽ የተሞላ ነው። ጥይቷን ላዘጋጀው ሰው ሲፎከር ግን አልሰማንም። በዚህ ዙሪያ የምንለው አለን።

ነገሩ ወዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተተኮሰ ቀለሃ የማይጥሉ ብዙ የዒላማ ስፖርተኞች አሉ። ቀለሃውን ይለቅሙና በፎርማ ወደ ልኩ መልሰው፣ ጋራዣቸው ውስጥ ቁጭ ብለው ራሳቸው ይሞሉታል። እዚያ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። (እዚህ ግን የጦር መሣሪያ አዋጁ ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራትን ይከለክላል፤ እንዳትሞክሩት!) እነዚህ ሰዎች እንቅልፍ ከሚያጡባቸው ነገሮች አንዱ አንገቱ አረሯን የሚይዝበት ጥብቀት ነው። አንዱ ቀለሃ ጠበቅ፣ ሌላው ላላ አድርጎ ከያዘ የባሩዱ ግፊት አነሳስ ይለያያል፤ የአረሯ ፍጥነትም እንዲሁ። 100 ሜትር ላይ ልዩነቱ ላይታይ ይችላል። 1000 ያርድ (914 ሜትር) ላይ ግን በሰከንድ የ10 ሜትር የፍጥነት ልዩነት አረሯን ስንዝር ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋታል።

ታዲያ ብዙዎቹ ምን ያደርጋሉ? ቁጥር ያሳድዳሉ! አንገቱ ከአረሯ በስንት ይጥበብ? በ0.001 ኢንች? በ0.002? ወይስ በ0.003? ልብ በሉ፣ 0.002 ኢንች 0.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንድ ተራ ወረቀት ውፍረት ግማሽ ገደማ። ለዚህች ለግማሽ ወረቀት በየመጠኑ የብረት ቀለበት ይገዛል፣ ክርክሩም አያልቅም።

እኛ የምንለው ግን ቁጥሩ ብቻውን ያሳስታል ነው። ካሊፐር የሚለካው ስፋትን እንጂ የመያዝ ጉልበትን አይደለም። ሽቦ እያጠፋችሁ ስትመልሱት መጀመሪያ ይጠነክራል፣ ቆይቶ ይሰበራል አይደል? ነሐስም እንደዚያው ነው። ቀለሃው በተተኮሰ ቁጥር አንገቱ ይለጠጣል፣ ፎርማ ውስጥ ሲገባ ይጨመቃል፤ በዚህ መሀል እየደደረ ይሄዳል። የደደረ ነሐስ ደግሞ ሲጫኑት ቆይተው ሲለቁት እንደ ሞላ ወደነበረበት መመለስ ይወዳል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተተኮሰና ስምንት ጊዜ የተተኮሰ ቀለሃ በአንድ ፎርማ ቢያልፉም እኩል አይወጡም። ካሊፐሩ "እኩል ናቸው" ቢል እንኳ እኩል አይነክሱም።

ነሐስ በሆዱ የሚይዘው ነገር በዓይን እንደማይታይ የእንግሊዝ ጦር በደንብ ተምሯል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ህንድ ውስጥ የነበሩት ጥይቶቹ ዝናብ በመጣ ቁጥር፣ ሳይተኮሱ፣ በተቀመጡበት ይሰነጠቁ ነበር። ምክንያቱ በደንብ የተብራራው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው፦ ቀለሃው ሲሠራ ነሐሱ ውስጥ ታምቆ የቀረ ውጥረት ከአየሩ አሞኒያ ጋር ተገናኝቶ ነው። አሞኒያው ደግሞ ከፈረስ ሽንት ይመጣ ነበር። መድኃኒቱስ? ነሐሱን በእሳት ማለዘብ።

ዛሬም ዋናው መድኃኒት እሱው ነው። አንገቱን ብቻ ለጥቂት ሰከንድ አሙቆ ማለዘብ፤ ያውም ሲያሰኝ ሳይሆን በየተኩሱ ወይም በማይዛነፍ ልዩነት። ቂጡ ግን ፈጽሞ መሞቅ የለበትም፤ ግፊቱን የሚችለው እሱ ነውና ከለዘበ ተኳሹ ላይ አደጋ ይመጣል። ከዚያ በፊት ቀለሃዎቹን በፋብሪካቸውና በተተኮሱበት ቁጥር ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። አንገቱ ከጠበበ በኋላ ደግሞ ልኩ የታወቀ ልሙጥ ዘንግ አስገብቶ ውስጡን ማስተካከል ይበጃል። የአንገቱ የውስጥ ጥቀርሻም ይታሰብበት፦ ወይ ሁሉም እኩል ይጠረግ፣ ወይ ሁሉም እኩል ግራፋይት ይነካ። በመጨረሻ አረሯ በፕሬሱ ስትገባ እጅ ያዳምጥ። አንዷ ከባልንጀሮቿ ይልቅ ከከበደች ወይም ከቀለለች ለብቻዋ ትቀመጥ፤ ለልምምድ ትሆናለች።

"ይሄ ሁሉ ቅንጦት ነው፤ ባሩዱን በትክክል መዝኑ፣ ይበቃል" የሚሉ አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። በ150 ሜትር አጋዘን ለሚያድን ሰው በእርግጥም ቅንጦት ነው። የባሩድ ሚዛኑ የሚዋዥቅ ሰውም መጀመሪያ ሚዛኑን ያስተካክል። ሁለቱን ጨርሶ 1000 ያርድ ላይ ለሚቆም ተወዳዳሪ ግን የቀረው ልዩነት አንገት ላይ ሊሆን ይችላል። ያንን ደግሞ ሦስት ጥይት ተኩሶ "አገኘሁት!" ማለት አይቻልም። ሦስት ጥይት በአጋጣሚም አንድ ቦታ ይሰበሰባል።

ወዳጆቻችን፣ "ዕቅዱ መቶ በመቶ ተሳክቷል" የሚል ሪፖርት ሰምቶ ላደገ ትውልድ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ቁጥሩ ይሞላል፤ ሥራው ግን አንዱ ጠበቅ፣ ሌላው ላላ ብሎ ይቀራል። እኩል መሥራት አሰልቺ ነው፤ ጭብጨባም የለውም። ሃምሳኛውን ቀለሃ እንደ መጀመሪያው መያዝ የሚችል ሰው ግን ከአልሞ ተኳሹ አያንስም እንላለን።

ለተኳሹ ፎክሩ፤ አንከለክልም። ለቀለሃ አለዛቢውም ግን አንዲት ስንኝ ጣሉለት።