የአእምሮ ጉዳትም የሥራ ጉዳት ነው!



በአንድ ፋብሪካ የሚሠሩ ሁለት ሠራተኞችን እናስብ። የአንደኛውን እጅ ማሽን ቆረጠው። ሁለተኛዋ ለወራት በሌሊት ፈረቃ፣ ሊሞላ በማይችል የምርት ኮታና በአለቃ ዛቻ ሥር ስትሠራ ቆይታ እንቅልፍ አጣች፤ በመጨረሻም በከባድ የጭንቀት ሕመም ወደቀች። ሁለቱም መሥራት አልቻሉም። ሕጉ ግን በእኩል ዓይን አያያቸውም።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራው ምክንያት የተጎዳ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለተከታዮቹ 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ክፍያ ያገኛል። ሕመሟ እንደ ተራ ሕመም የተቆጠረባት ሠራተኛ ግን የ1 ወር ሙሉ ደመወዝና የ2 ወር ግማሽ ደመወዝ ብቻ ይደርሳታል። ቀሪዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። የቤት ኪራይ ደግሞ የሕመም ፈቃድ አያውቅም።

ልዩነቱ ከየት መጣ? የአዋጁ አንቀጽ 97 የሥራ አደጋን በድንገት ከሚደርስ ጉዳት ጋር አያይዞታል። ውጥረት ግን ቀስ በቀስ የሚጠራቀም ነው። አንቀጽ 98 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ሲተረጉም ፊዚካል፣ ኬሚካልና ባዮሎጂካል መንስኤዎችን እንጂ የሥራ ጫናን በስም አይጠቅስም። በሠንጠረዥ ያልተዘረዘረ በሽታ ከሥራ የመነጨ መሆኑን ማስረዳት ቢፈቀድም፣ የማስረዳቱ ሸክም የወደቀው በታመመው ትከሻ ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው የሥራ በሽታዎች ዝርዝር የአእምሮ ሕመሞችን አካቷል።

ስለሆነም ፓርቲያችን ቢመረጥ፦

1. አንቀጽ 98 ተሻሽሎ የሥራ ጫና፣ ዛቻና ትንኮሳ በመንስኤነት እንዲካተቱ ያደርጋል፤
2. የአእምሮ ሕመሞች በሠንጠረዡ እንዲገቡና የሐኪሞች ቦርድ የአእምሮ ሐኪም እንዲኖረው ያደርጋል፤
3. የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች የሥራ ሰዓትንና ኮታን ጭምር እንዲመረምሩ ሥልጣንና ሥልጠና ይሰጣል።

«ሁሉም ታመምኩ ይላል» የሚል ሥጋት እንሰማለን። የወገብ ሕመምም ከውጭ አይታይም፤ ሆኖም ሐኪም መርምሮ ይወስናል። የአእምሮም እንዲሁ ነው። ደግሞም ካሳ የሚከፈልበትን ጉዳት አሠሪው አስቀድሞ መከላከልን ይመርጣል።

ጤናውን በሥራ ያጣ ዜጋ በሕግ ፊት እጁን ከተቆረጠው ጓደኛው ማነስ የለበትም። ድምፃችሁ ይህን ሕግ ይለውጣል!

የፓርቲው ዋና ጸሐፊ