«ዲኤንኤው ገጥሟል» ለሚል ሁሉ፦ በማን ቁና ተሰፈረ?

«የዲኤንኤ ውጤቱ ገጥሟል» ከተባለ ነገሩ ያለቀለት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ የወንጀል ችሎት ፊት የሚቆም ተከሳሽ ግን አንድ ጥያቄ የማስጠየቅ መብት አለው። ገጠመ የተባለው በየትኛው ሕዝብ ሰንጠረዥ ተሰልቶ ነው?

ላቦራቶሪ የሰውን ዲኤንኤ በሙሉ አያነብም። የተመረጡ ቦታዎችን ያያል፤ በየቦታው አንድ አጭር ቁራጭ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ይቆጥራል። አሜሪካ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 20 ቦታዎችን ትጠቀማለች። ቁጥሩ ሲመሳሰል «እንዲህ ያለው ከስንት ሰው አንዱ ነው?» ይባላል። መልሱን የሚሰጠው ማሽኑ ሳይሆን ያ ቁጥር በሕዝቡ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገኝ የሚያሳየው ሰንጠረዥ ነው።

እንበልና በውጭ ሰንጠረዥ ከ20 ሰው በአንዱ ብቻ የሚታይ ውጤት እዚህ ከ5 ሰው በአንዱ የሚታይ ቢሆንስ? ሦስት እንዲህ ያሉ ቦታዎች ሲባዙ በውጭው ስሌት ከ8,000 ሰው አንዱ፣ በትክክለኛው ግን ከ125 ሰው አንዱ ይሆናል። ከ125 አንዱማ በልደታ ኮንዶሚኒየም ብቻ ስንት ይገኛል!

«20ውም ቦታ ከተነበበ ይህ ልዩነት ፍርድ አያዛባም» የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ግን ከወንጀል ስፍራ የሚነሳ ናሙና ሁልጊዜ ሙሉ ነው? የተቃጠለ፣ የበሰበሰ፣ የሁለት ሰው የተቀላቀለበትም አለ። ሟችን በዘመድ ናሙና መለየትማ ይብሳል፤ ልጅ ከእናቱ የሚወርሰው ግማሹን ብቻ ነውና።

ይህ ለኢትዮጵያ ሩቅ ወሬ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 በቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው አውሮፕላን 157 ሰዎች አለቁ። ከሳምንት በኋላ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል 17 ሣጥኖች ሲሸኙ አስከሬን አልነበረባቸውም። ቤተሰብ ናሙና ሰጠ፤ ውጤቱ እስከ 6 ወር ሊፈጅ እንደሚችል ተነገረው።

«1000 ጂኖም» በተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት 26 ሕዝቦች ተካተዋል። ጥናቱ ለፎረንሲክ የተሠራ ባይሆንም ማን እንደተረሳ ያሳያል፤ ናይጄሪያ፣ ኬንያ፣ ጋምቢያና ሴራሊዮን ሲኖሩ ከ80 በላይ ቋንቋ የሚነገርባት ኢትዮጵያ የለችም።

ስለዚህ ማሽን መግዛት ብቻውን ፍትሕ አያመጣም። ከየአካባቢው ከፈቃደኞች፣ ስም ሳይያዝ ናሙና ይሰብሰብ። ሰንጠረዡ ታትሞ ዐቃቤ ሕግም ተከላካይ ጠበቃም እኩል ይየው። ባለሙያውም ችሎት ሲቀርብ በየትኛው እንዳሰላ ይናገር። ሰንጠረዡ ግን ድግግሞሽ ይቁጠር እንጂ የብሔር መታወቂያ አይሁን። በዚህ አገር ዘርን በላቦራቶሪ ማኅተም ማጽደቅ ምን እንደሚያስከትል ለማንም አይጠፋም።

እስከዚያው «ገጥሟል» የሚል ወረቀት የቀረበለት ዳኛ ፊርማውን ከማሳረፉ በፊት ይጠይቅ፦ በማን ቁና?