ውሃ ወደ ቤት በገባ ጊዜ

የቤት ጠላት ሁሉ በር አንኳኩቶ አይገባም። እሳት ሲነሣ ጭሱ ይታያል፤ ሌባ ሲመጣም ውሻ ይጮኻል። ውሃ ግን ብዙ ጊዜ ድምፁን ሳያሰማ በምስማር ቀዳዳ ይገባል፤ በጣሪያው እንጨት ላይ ተንሸራቶ በግድግዳው ውስጥ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ በሚያውቀው ጊዜም የጉዳቱ እኩሌታ አስቀድሞ ተፈጽሞ ይገኛል። ስለዚህ በዚህ ወር፥ ውሃ ቤት በገባ ጊዜ የቤተ ሰብ አባትና እናት ሊያደርጉት የሚገባውን፥ ከራሳችን ስሕተት ተነሥተን ጥቂት ለማስረዳት አስበናል።

በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ወር፥ ከመጻሕፍት ሣጥናችን በላይ በግድግዳው ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል እርጥብ ምልክት አየን። ባለቤታችን ወዲያው፥ ቆርቆሮው ይታይ ብለው ነበር። እኛ ግን «ክረምቱ ይውጣና ይደረሳል» ብለን፥ ምልክቱ ለእንግዳ እንዳይታይ ኖራ ቀባንበት። ምልክቱ ከዓይን ጠፋ፤ ውሃው ግን መንገዱን አልተወም። በፍልሰታ ጾም አንድ ቀን ከቅዳሴ ስንመለስ፥ ኮርኒሱ እንደ አቅማዳ ተነፍቶ፥ ሣጥኑም እስከ ውስጡ ርሶ አገኘነው። በሣጥኑ ውስጥ ከአባታችን የወረስነው የብራና ዳዊት ነበረ። በመጨረሻው ቅጠል ላይ አባታችን የልጆቻቸውን ሁሉ የልደትና የክርስትና ቀን በእጃቸው ጽፈውበታል።

በዚህ ጊዜ ከመጀመሪያው የሚብስ ሁለተኛ ስሕተት ሠራን። በልጅነታችን በቤተ ክህነት ትምህርት ሳለን ብራና ሲዘጋጅ አይተናል፤ ቆዳው ተወጥሮ እንደሚደርቅ፥ ርሶ ሳለ ሙቀት ቢያገኘውም እንደሚኮማተር እናውቃለን። ነገር ግን ድንጋጤ ዕውቀትን ያስረሳል። ቶሎ ይድረቅ ብለን ከከሰል ምድጃ አጠገብ አኖርነው። አረጋዊት እናታችን፥ «ተው ልጄ፥ ቆዳ መሆኑን ረሳኸው?» ሲሉን፥ ጠርዙ ተጨማድዶ እንደ ቀንድ ደርቆ ነበር። የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች፥ ማለት ውዳሴ ማርያምና የአባታችን ጽሕፈት ያሉበት፥ ዛሬም ተጣብቀው አይገለጡም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው በእኛ ደረሰ።

ከዚህ የተማርነው፥ በውሃ ለደረሰ ጉዳት የሚደረገው ርዳታ ተራ ያለው መሆኑን ነው።

በመጀመሪያ የሰው ሕይወት ይጠበቅ። ውሃው የመብራት ሽቦ ወይም ሶኬት ወዳለበት ከደረሰ፥ በቆጣሪው አጠገብ ያለው ማጥፊያ ይውረድ። ወደ ማጥፊያው ለመድረስ ውሃ ውስጥ መቆም ግድ ከሆነ ግን ማንም አይንካው፤ ልጆች ይውጡ፥ የመብራት ሠራተኛም ይጠራ። ውሃ ያቆረ ኮርኒስ በድንገት ስለሚወድቅ ከሥሩ መቆም አይገባም። መብራቱ ከጠፋ በኋላ ባልዲ ከሥሩ አኑሮ፥ ከጎን ሆኖ ዝቅ ያለውን ስፍራ በረጅም እንጨት ጫፍ መብሳት ይቻላል።

ሁለተኛ፥ ውሃው የሚመጣበት ይፈለግ። ጠብታው የሚወርድበትና ቆርቆሮው የተበሳበት ስፍራ ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም፤ ውሃ በእንጨቱ ላይ ሩቅ ይሄዳልና። አሸንዳውም ይታይ። ለተማሪዎቻችን የምንሰጠው ቀላል ሒሳብ አለ፦ በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። እንግዲህ 50 ካሬ ሜትር በሆነ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,000 ሊትር፥ ማለት ባለ 200 ሊትር 5 በርሜል ይሆናል። አሸንዳው በቅጠል ከተደፈነ፥ ይህ ሁሉ በግድግዳውና በመሠረቱ ላይ ይወርዳል።

ሦስተኛ፥ ማድረቁ ሳይውል ሳያድር ይጀመር። ሻጋታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ማደግ ሊጀምር ይችላል። ዕቃው ከግድግዳ ይራቅ፤ ምንጣፍና ፍራሽ ይውጣ፤ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር በርና መስኮት ይከፈት። ቤቱን ዘግቶ በከሰል ማድረቅ ግን ፈጽሞ አይገባም። ከከሰል የሚወጣው መርዘኛ አየር ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኙትን ሳይነቁ ይገድላል። ግድግዳ ቢዘገይ ይደርቃል፤ የጠፋ ነፍስ ግን አይመለስም።

ስለ እህልም እንናገር። የሻገተ እህል «ታጥቦና ተቆልቶ ይበላል» የሚሉ አሉ። ሻጋታ የሚያበጀው መርዝ ግን በእሳት ተቃጥሎ የሚጠፋ አይደለም። ስለዚህ የራሰው እህል ወዲያው ይሰጣ፤ የሻገተው ይጣል። የጎርፍ ውሃ የነካው የተዘጋጀ ምግብም እንደዚሁ ነው፤ ጎርፍ የመጸዳጃ ጉድጓድ አጥቦ ይመጣልና። ሻጋታን በበረኪና የሚያጸዱ ሁሉ፥ በረኪናን ከሌላ የማጽጃ መድኃኒት ጋር ከቶ አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው አየር ሳንባን ይጎዳል።

የራሰ መጽሐፍ ከፀሐይና ከእሳት ርቆ፥ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ቀስ ብሎ ይድረቅ። የተጣበቀ ቅጠል በግድ አይላቀቅ፤ በሚገለጠው መካከል ንጹሕና ደረቅ ጨርቅ እየተደረገ ይለወጥ።

በመጨረሻ፥ እርጥበት አይሸፈን። በራሰ ግድግዳ ላይ ቀለም መቀባት ቁስልን ሳያጥቡ እንደ ማሰር ነው። የጭቃ ግድግዳ እርጥበቱን ወደ ውጭ መተንፈስ አለበት፤ ሳይደርቅ በሲሚንቶ ቢመረግ ውሃው በውስጡ ታስሮ ጭቃውን ያላላል፥ ምሰሶውንም ያበሰብሳል።

በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ሳይገባ ቆርቆሮ ሠራተኛ ጠርተን አብረን ወጣን። የጉዳቱ ሁሉ ምክንያት ጎማው ያረጀ አንድ ምስማር ሆኖ ተገኘ። ሠራተኛው ነቅሎ ሌላ ለመምታት ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት ለተማሪዎቻችን ስንት ጊዜ አስተምረናል! ለራሳችን ግን ሳንማረው ቀርተናል።

እናታችን ከዚያ በኋላ አንድ ምሽት አስቀምጠውን፥ የእያንዳንዳችንን የልደትና የክርስትና ቀን ከነዕለቱ በቃል ነገሩን፤ እኛም በደብተር ጻፍነው። የአባታችን እጅ ግን በዚያ የለም። የተወደዳችሁ አንባብያን፥ በቤታችሁ ግድግዳ ላይ ትንሽ ምልክት ያያችሁ እንደ ሆነ፥ ኖራውን ከመበጥበጣችሁ በፊት ወደ ጣሪያው ተመልከቱ። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ጽሕፈት ካለም፥ ክረምት ሳይመጣ ገልብጣችሁ በሌላ ስፍራ አኑሩ።