መሰናክል ሩጫ ለእኛ አይሆንም ለሚሉ የተሰጠ መልስ

በግቢያችን የስፖርት ቀን በቀረበ ቁጥር አንድ አስተያየት ይደጋገማል፤ ይኸውም «የአጭር ርቀት መሰናክል ለሐበሻ አይሆንም፤ እኛ የተፈጠርነው ለረጅሙ ሩጫ ነው» የሚል ነው። ይህን የሚሉት ተማሪዎች ብቻ ቢሆኑ ዝም ባልን ነበር። ዳሩ ግን ከመምህራኖቻችንም አንዳንዶቹ ይህንኑ እያሉ መሰናክሉን ከውድድሩ ዝርዝር ያስወጡታል። እኛ አባባሉ ሐሰት ከመሆኑም በላይ ወጣቱን የሚጎዳ ነው እንላለን።

በመጀመሪያ የደሙን ነገር እንመርምር። ጆን አኪ ቡዋ የኡጋንዳ ልጅ ነበር። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ 400 ሜትር መሰናክልን በ47.82 ሴኮንድ ፈጽሞ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። በ1976 ዓ.ም. ሞሮኳዊቱ ናዋል ኤል ሙታዋኪል በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በዚሁ ርቀት ወርቅ አገኘች። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ኬንያዊው ኒኮላስ ቤት በቤጂንግ የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈበት። ኬንያስ እንደ እኛ በረጅም ሩጫ የታወቀች አገር አይደለችምን?

ሁለተኛው ምክንያታቸው የአገራችን ከፍታ ነው። ሜክሲኮ ከተማም እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። በ1961 ዓ.ም. በዚያ በተደረገው ኦሊምፒክ እንግሊዛዊው ዴቪድ ሄምሪ 400 ሜትር መሰናክልን በ48.12 ሴኮንድ ሮጦ ክብረ ወሰን ሰበረ። ስስ አየር የሚያስቸግረው ረጅም ርቀት ሯጩን ነው፤ ለአጭር ርቀት ሯጭ ግን ከፊቱ የሚገፋውን ነፋስ ያቀልለታል።

ሦስተኛው ማስረጃ የራሳችን ልጆች ናቸው። እሸቱ ቱራ በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ በ3,000 ሜትር መሰናክል ነሐስ አመጣ። ለሜቻ ግርማ በ2015 ዓ.ም. በፓሪስ ይህንኑ ርቀት በ7 ደቂቃ ከ52.11 ሴኮንድ ፈጽሞ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። የዚህ ውድድር መሰናክል ቁመት ለወንዶች 91.4 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የ400 ሜትሩም ልክ ይኸው ነው። ልዩነቱ የ3,000 ሜትሩ ቢመቱት የማይወድቅ መሆኑ ነው። የማይወድቀውን የተሻገረ እግር ለሚወድቀው አልተፈጠረም ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

እንግዲህ የጎደለን ትምህርትና ዕቃ ነው። በወንዶች 110 ሜትር ሩጫ እስከ መጀመሪያው መሰናክል 13.72 ሜትር፣ በመሰናክሎቹም መካከል 9.14 ሜትር አለ። ይህን መካከል በሦስት ርምጃ መፈጸም ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ በልምምድ ብዛት እንጂ በትውልድ የሚገኝ አይደለም። መሰናክል በዓይኑ አይቶ የማያውቀውን ተማሪ «አትችልም» ማለት ሳያስተምሩ ፈትኖ እንደ መጣል ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አሥር መሰናክል ይሠራልን፤ ቁመታቸውም ለወንዶችም ለሴቶችም የሚስተካከል ይሁን። ብረቱን የመበየድ ሥራ የምሕንድስና ተማሪዎች ያውቁታል። በሳምንት ሁለት ቀን ሜዳው ይለቀቅልን፤ አንድ መምህርም ይመደብልን። በውድድሩ ሕግ ሳያስብ መሰናክል የጣለ ሯጭ አይሰረዝም፤ በጎን አልፎ የሄደ ግን ይሰረዛል። ግቢያችን እስከ ዛሬ በጎን ሲያልፍ ቆይቷል። ለሚመጣው የስፖርት ቀን መሰናክሎቹ ሜዳው ላይ ቆመው እንድናያቸው እንጠይቃለን።